ሲጨንቃቸው ሁሉም አንድ ሰው የሚሆኑ ገጸ ባሕርያት

ጥያቄ፦ «ነዋሪነቴ ደብረ ብርሃን ነው። ሁለት ረጃጅም ልቦለዶችና 11 አጫጭር ታሪኮች ጽፌያለሁ፤ መቼታቸው መንዝና ይፋት ነው። ረቂቆቼን ያነበቡ ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ አንድ ነገር ነገሩኝ፤ ‹ስማቸው ይለያይ እንጂ ሰዎችህ አንድ ናቸው› አሉኝ። እውነትም ዝምተኛ አባት፣ ወደ አዲስ አበባ የምትሄድ ልጅ፣ ተረትና ምሳሌ የሚያዘንብ ሽማግሌ እና ከከተማ የተመለሰ መምህር በየታሪኩ አሉ። ይህ ድክመት ነው ወይስ የራሴ አሻራ? ድክመት ከሆነስ እንዴት ለይቼ አገኘዋለሁ፣ እንዴትስ አርመዋለሁ?»

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከዘረዘሯቸው አራት ሰዎች አንዱንም ለመሰረዝ አይቸኩሉ። የመንዝን ደጋ የሚጽፍ ሰው ዝምተኛ አባት ቢደጋገምበት፣ ከይፋት የሚነሣ ታሪክ ወደ አዲስ አበባ የምትሄድ ልጅ ቢኖረው የሚገርም አይደለም፤ አገሩ ውስጥ ያሉ ሰዎች ናቸው። አንባቢ «ሰዎችህ አንድ ናቸው» ሲል አብዛኛውን ጊዜ የተሰማው ሌላ ነገር ነው። የተሰማውን ለይቶ መናገር ስለሚቸግረው ለዓይን የቀረበውን፣ ማለትም ሥራቸውን፣ ዕድሜያቸውንና አለባበሳቸውን ይጠቅሳል። ጸሐፊውም ያንን ሰምቶ ዝምተኛውን ገበሬ ዝምተኛ ሹፌር ያደርገዋል፤ በሚቀጥለው ረቂቅ ላይ ያው አስተያየት ተመልሶ ይመጣል።

የሚደገመው ገጸ ባሕርዩ ሲጨንቀው የሚያደርገው ነገር ነው። ልጅቱ ያለ ፈቃዷ ልትዳር ስትል ትሄዳለች። መምህሩ ከርእሰ መምህሩ ጋር ሲጋጭ ይሄዳል። ታናሽ ወንድም ከአባቱ መሬት ድርሻ ሲነፈግ ይሄዳል። ሦስቱ በጾታ፣ በሥራም፣ በዕድሜም አይገናኙም፤ ጭንቅ ሲመጣ ግን ሦስቱም የሚያውቁት መውጫ አንድ ነው። አንባቢው ሦስተኛው ታሪክ ላይ ሲደርስ ሃያ ገጽ ሳይገፋ «ይሄም ሊሄድ ነው» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ገጽ የሚያነብበው ለማወቅ ሳይሆን ለመጨረስ ነው። እንግዲህ ፍለጋውም እርማቱም እዚህ ቦታ ላይ መሆን አለበት።

ፍለጋው ሰንጠረዥ ይፈልጋል። ባለ መስመር ደብተርም ኤክሴልም ይሆናል። ከእያንዳንዱ ረጅም ልቦለድ 6 ሰው፣ ከእያንዳንዱ አጭር ታሪክ 2 ሰው ይውሰዱ፤ በእርስዎ ሥራ 34 ረድፍ ይወጣል። አምዶቹ 7 ናቸው። አንደኛው ስምና ዕድሜ፤ ሁለተኛው ሰውየው መጀመሪያ ሲታይ የሚሠራው ሥራ፤ ሦስተኛው የሚፈልገው ነገር፤ አራተኛው የሚከለክለው ማን እንደሆነ፤ አምስተኛው ጭንቁ ሲበረታ የሚያደርገው፤ ስድስተኛው ይህን በማድረጉ የሚያጣው፤ ሰባተኛው በመጨረሻው ገጽ የት እንዳለና ከማን ጋር እንዳለ። ከእያንዳንዱ መልስ ጎን የገጽ ቁጥር ይጻፉ።

የገጽ ቁጥሩ ለይስሙላ አይደለም። ሰንጠረዡን ከትዝታ የሚሞላ ጸሐፊ የሚሞላው ሊጽፈው አስቦ የነበረውን ነው። «እዚህ ጋ እኮ ይቃወማል» ብሎ እርግጠኛ የሆነበትን ሰው ገጹን ሲገልጠው አቀርቅሮ ሲወጣ ያገኘዋል። ሌላው ስሕተት ቅጽል መጻፍ ነው። «ቆራጥ»፣ «ደግ»፣ «ኩሩ» ብለው ከሞሉ ሁሉም የተለያየ ይመስላል፤ ምክንያቱም ቅጽል ያለ ወጪ ይለዋወጣል። ግሥ ብቻ ይጻፉ፦ ሄደ፣ ዋሸ፣ መታ፣ ለመነ። ሦስተኛው አምድ ላይ ደግሞ «ነጻነት» ወይም «ፍቅር» አይበሉ፤ በእጅ የሚጨበጠውን ይጻፉ፦ ግማሽ ጥማድ መሬት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የአባት ምርቃት፣ ከአበዳሪ የሚመለስ ሰነድ።

ሲሞላ ወደ ጎን አያንብቡት፤ ወደ ጎን ሲነበብ እያንዳንዱ ረድፍ ታሪክ ስለሆነ ያታልላል። ከላይ ወደ ታች፣ አምድ በአምድ ይሂዱ። አምስተኛውን አምድ በቀለም ይለዩት፤ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙባቸው ግሦች ተጠቃለው ወደ ዐሥር ገደማ ይሆናሉ፦ ይሄዳል፣ ዝም ይላል፣ ይናዘዛል፣ ይማታል፣ ይዋሻል፣ ይለምናል፣ ይደራደራል፣ ያስመስላል፣ ይታመማል፣ ለሦስተኛ ሰው ይናገራል። ከ34 ሰዎች ውስጥ ከ11 በላይ የሆኑት አንዱን ግሥ ከተካፈሉ ልማድ አለ ማለት ነው። ይህ አንድ ሦስተኛ የሥራ መለኪያ እንጂ ሕግ አይደለም፤ በአንዱ ረጅም ልቦለድ ውስጥ ግን ከስድስቱ ሦስቱ አንድ ግሥ ላይ ከወደቁ ሌላውን ሳይቆጥሩ ማረም ይጀምሩ።

ከሚደጋገመው ይልቅ የጎደለው ግሥ የበለጠ ይናገራል። መቼታቸው ገጠር በሆነ ረቂቆች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጎድሉት «ይደራደራል» እና «ይዋሻል» ናቸው። ጸሐፊው ያደገበትን ሰው ስለሚያከብር ገበሬውን ወይ ተበዳይ ወይ ጻድቅ ያደርገዋል። በመንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ገበያ ላይ አንድ ሙክት ለመሸጥ ግማሽ ቀን የሚከራከር፣ «ሌላ ገዢ መጥቷል» ብሎ ሳይመጣ የሚናገር ሰው፣ ልቦለድ ውስጥ ሲገባ መሬቱን ሊነጥቁት ሲመጡ አንድም ቃል ሳይደራደር አንገቱን ይደፋል። ይህ አክብሮት መስሎ የሚገባ ጉድለት ነው። ሰውየውን ብልህነቱን ነጥቆ የሚያዝንለት አንባቢ ብቻ ይተውለታል።

አሁን ወደ «አሻራ ወይስ ድክመት» ጥያቄዎ። መልሱ የትኛው አምድ እንደተደገመ ላይ ይወሰናል። ሦስተኛው አምድ ላይ፣ ማለትም የሚፈልጉት ነገር ላይ፣ ድግግሞሽ ካገኙ አይንኩት። ሰዎችዎ ሁሉ የአባት ምርቃት ወይም የአጽመ ርስት ድርሻ የሚፈልጉ ከሆነ ያ የእርስዎ ጥያቄ ነው፤ አንድ ጸሐፊ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ አንባቢ አይሰለችም። አምስተኛውና ስድስተኛው አምድ አብረው ከተደገሙ ግን፣ ማለትም ሁሉም ይሄዳሉ፣ ሁሉም በመሄዳቸው የሚያጡት እናታቸውን ነው ከሆነ፣ አንዱን ጥያቄ አንድ ዓይነት መልስ እየሰጡት ነው። ድክመቱ ይህ ነው። አምስተኛው ተደግሞ ስድስተኛው ከተለያየ ችግሩ ግማሽ ነው፤ ሁለቱም ሄደው አንዷ መመለሻ ብታጣ፣ ሌላው በሄደበት ቢሾምና ቢያፍርበት መሄዳቸው አንድ አይደለም።

ቆጠራውን ከግሥ ላይ መጀመር አዲስ ነገር አይደለም። ሩሲያዊው የተረት ተመራማሪ ቭላድሚር ፕሮፕ በ1928 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት 100 የሩሲያ ተረቶችን ሲበትን፣ ጀግናው ንጉሥም ይሁን ወታደር፣ ክፉው ጠንቋይም ይሁን ዘንዶ ግድ አልሰጠውም። የቆጠረው ድርጊታቸውን ነው፤ 31 ተግባራትና 7 ሚናዎች አወጣ። ሚናዎቹ ባላንጣ፣ ስጦታ ሰጪ፣ ረዳት፣ የምትፈለገው ልጅ ከነአባቷ፣ ላኪ፣ ጀግና እና ሐሰተኛ ጀግና ናቸው። ሽማግሌዎ ምክር ሰጥቶ ከታሪኩ የሚወጣ ከሆነ ስጦታ ሰጪ ነው፤ አስማት ያለበት ቀለበት የሚሰጠው የተረት ሰው ነው፤ ቀለበቱ ምሳሌያዊ አነጋገር ሆኗል። በጅቦና በጦጢት ተረት ያደገ ሰው እነዚህን ሚናዎች ሳያውቃቸው ይዟቸው ይጽፋል። በተረት ውስጥ ጥፋት የለውም፤ ተረቱ ሰውን ሳይሆን ነገሩን ነው የሚፈልገው። በልቦለድ ግን ምክር ሰጪው ሽማግሌ ራሱ የሚበላው፣ የሚያበድረው፣ የሚፈራው አለው።

ከተረት ሌላ ድግግሞሽ የሚመጣበት መንገድ ሴራው ራሱ ነው፤ ይህን ብዙ ጸሐፊ ልብ አይለውም። ታሪኩ በሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ከከተማ ዜና እንዲመጣለት ይፈልጋል፤ ዜና የሚያመጣ ሰው ይፈጠራል፤ ያ ሰው የተማረ መሆን አለበት፤ እንግዲህ መምህር ይመጣል። በየታሪኩ መምህር ያለዎት መምህር ስለሚወዱ ላይሆን ይችላል፤ ሴራዎ ሁልጊዜ በውጭ ዜና ስለሚንቀሳቀስ ነው። እንዲህ ከሆነ መምህሩን በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መተካት ምንም አይፈይድም። ዜናውን ከዚያው ከመንደሩ እንዲነሣ ያድርጉት፦ በሰንበቴ ላይ ጽዋ ሲዞር ያመለጠ ቃል፣ ከእድር መዝገብ የተሰረዘ ስም፣ ድንገት ቦታ የለወጠ የድንበር ድንጋይ። መምህሩ ያን ጊዜ የራሱ ጉዳይ ከሌለው በራሱ ጊዜ ይወጣል።

ሁለተኛው የፍለጋ ደረጃ ገጸ ባሕርያቱ ስሜታቸውን የሚያሳዩባቸው የእጅና የፊት ምልክቶች ናቸው፤ ይህ በኮምፒውተር ይሠራል፤ ግን አማርኛ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «አቀረቀረ» ብለው ቢፈልጉ «አቀርቅሮ» እና «ሲያቀረቅር» ያመልጡዎታል፤ ፊደሎቹ ስለሚለወጡ። ማይክሮሶፍት ዎርድ ላይ የፍለጋውን ሳጥን ከፍተው ዋይልድካርድ የሚለውን ምርጫ ያብሩና ቀ[ረር][ቀቅ] ብለው ይጻፉ፤ በየቅንፉ ውስጥ ካሉት ፊደላት አንዱን ፈልግ ማለት ስለሆነ ሦስቱንም ያወጣልዎታል። ዋይልድካርድ ከሌለው ፕሮግራም ላይ «ቀረቀ»፣ «ቀርቅ» እና «ቀረቅ» ብለው ሦስት ጊዜ ይፈልጉ። «ጸጥ አለ»ን በሁለቱም ጸ እና ፀ ይፈልጉ፤ ብዙ ሰው በአንድ ረቂቅ ውስጥ ሁለቱንም ይጽፋል። «ዝም»ን ሲፈልጉ ከፊቱ ባዶ ቦታ ያስገቡ፤ አለዚያ «ሶሻሊዝም» ሁሉ ይመጣብዎታል። «ዝም ብሎ የተሠራ» የሚለውም ስለሚገባ ውጤቱን በዓይን ያጣሩ።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ የሚገቡት በተለምዶ፦ ጋቢ ሰብሰብ ማድረግ፣ እሳት ማየት፣ በረጅሙ መተንፈስ፣ ራስን መነቅነቅ፣ ወደ ተራራው መመልከት፣ እንባን በነጠላ ጫፍ መጥረግ። አንድ ምልክት በአንድ ምዕራፍ ለአንድ ሰው አንዴ ይበቃዋል። ሁለት የተለያዩ ሰዎች በአንድ ምዕራፍ ውስጥ አንድ ምልክት ከተካፈሉ የአንዱ ይውጣ። ቦታውንም ያመሳክሩ። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ጣርማ በር ወርደው 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለው ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ በቀትር ጋቢውን ሰብሰብ የሚያደርግ ሰው ካለዎት፣ ያ የሰውየው ጠባይ ሳይሆን የእጅዎ ልማድ ነው። ቆላ ላይ ያፈረ ሰው እጁ ሌላ ነገር መያዝ አለበት፦ የሽንኩርት ጆንያ አፍ፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ የውሃ ፕላስቲክ።

የአነጋገር ማዕረግንም በዚሁ ይዩት። ልጅ አባቱን፣ ምራት አማቷን «አንቱ» ወይም «እርስዎ» ስትል ቆይታ በቁጣ «አንተ» ወይም «አንቺ» ብትል ከጥፊ የሚበልጥ ነገር ነው። ይህ መሣሪያ በአንድ መጽሐፍ አንዴ ነው የሚሠራው። የቁጣ ትዕይንቶችዎ ሁሉ በዚህ የሚጡዙ ከሆነ አንዱን ብቻ አስቀርተው በሌሎቹ ተቃራኒውን ይሞክሩ፤ ባልና ሚስት ተጣልተው ሚስት ድንገት «እርስዎ» ብላ ስትጠራው ምን እንደሚሆን ያስቡ።

ሰንጠረዡ ላይ ረድፍ ያላገኙትንም ይቁጠሩ። ከሁሉ በፊት እናትየዋ ስም አላት ወይ? ብዙ ረቂቅ ውስጥ «እናቱ» ብቻ ናት፤ ታለቅሳለች፣ ትመርቃለች፣ ስንቅ ትቋጥራለች። መንደሩ ውስጥ በልጇ ስም «የእገሌ እናት» ብትባል ትክክል ነው፤ ተራኪው ግን ስሟን ማወቅ አለበት። ስም ሲሰጧት አምስተኛውን አምድ እንድትሞላም ይገደዳሉ፤ ብዙ ጊዜ የጎደለው «ይደራደራል» የሚገኘው እሷ ጋ ነው። ስለ ስም ከተነሣ አንድ ሌላ ነገር፦ ታደሰ፣ ተሰማ፣ ተፈራ በአንድ ልቦለድ ውስጥ አይግቡ፤ በአንድ ፊደል ቤት ጀምረው በርዝመትም እኩል ስለሆኑ አንባቢ ያምታታቸዋል፤ ያኔ ሳይመሳሰሉም ተመሳሰሉ ይባላሉ። ተስፋ የሚቆርጠውን ሰው «ተስፋዬ» ማለትም ቢቀርብዎ ይሻላል።

የሁሉም ሰው ውስጥ መቆፈር እንደሌለበት ግን ላስታውስዎ። እንግሊዛዊው ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር በ1927 እ.ኤ.አ. ኬምብሪጅ ውስጥ በሰጠው ተከታታይ ሌክቸር ገጸ ባሕርያትን ዝርግና ድቡልቡል ብሎ ሲከፍል ዝርጉን አልነቀፈም። በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚገለጽ ሰው ቶሎ ይታወቃል፣ አይረሳም፣ ለሌላው ቦታ ይለቃል። የድቡልቡሉ መፈተኛ አንባቢን አሳምኖ ማስገረም መቻሉ ነው። ስለዚህ የአረቄ ቤቷ ባለቤት በሦስት ታሪክ አንድ ዓይነት ብትሆን ይተዋት። የሚመረመሩት ጭንቅ የሚሸከሙት ናቸው።

እርማቱን በዝምተኛው አባት እንጀምር፤ ከሁሉም የከበደው እሱ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ እንዳለዎት ልገምት፦ ልጁ «ትምህርቱን ልተወው ነው» ይላል፤ «አባትየው ጋቢውን ወደ ትከሻው ሰብሰብ አደረገና እሳቱን አየ። ምንም አላለም።» ችግሩ ዝምታው አይደለም፤ ከየት እንደመጣ አለመታወቁ ነው። ዝምታ ከቂም ይመጣል፣ ከእፍረት ይመጣል፣ ነገሩ ካለመግባት ይመጣል። ሦስቱ ሦስት የተለያዩ አባቶች ናቸው፤ በጋቢና በእሳት ሲጻፉ ግን አንድ ይሆናሉ። ትዕይንቱን ሦስቴ ይጻፉት።

ቂም የያዘው፦ «ሰማ። ተነሣና ለከብቶቹ ድርቆሽ ሰጠ። ልጁ ያሳደገው ወይፈን ጋ ሲደርስ አልፎት ሄደ።»

ያፈረው፦ «‹ገብስ ስንት ዋለ አሉ?› አለ አባትየው። ‹በጉን ለፋሲካ ብናደርሰው ይሻል ነበር። አጎትህም ያን ብር . . .› አቋረጠና ወደ ጓዳ ዞሮ ‹ቡናው አልደረሰም?› አለ።»

ያልገባው፦ «‹እስቲ መጀመሪያ ለንስሐ አባታችን ንገራቸው› አለ።»

ያፈረው አባት ከሦስቱ አብዝቶ የሚያወራው እሱ መሆኑን ልብ ይበሉ። የትምህርቱን ወጪ መሸፈን ያልቻለ ሰው ስለ ገብስና ስለ በግ ያወራል፤ ስለ ልጁ ግን አያወራም። አንባቢው ያለ ተራኪው እርዳታ ይረዳዋል። ቂመኛው ደግሞ በድርጊት የሚናገር ስለሆነ ኋላ ላይ ያ ወይፈን ሊሸጥ፣ ሊታረድ፣ ሊጠፋ ይችላል፤ ሴራ ከዚያ ይወለዳል። እሳት ከማየት የሚወለድ ሴራ የለም። በየታሪኩ ያሉትን አባቶች በዚህ መንገድ አንድ አንድ ምንጭ ይስጧቸው፤ በአንድ ረጅም ልቦለድ ውስጥ አንድ ምንጭ ሁለቴ አይጠቀሙ።

ልጅቱን በተመለከተ፣ «አዲስ አበባ» የሚለው መድረሻ ራሱ የስንፍና ምርጫ ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ናት፤ ከድሮው ብርድ ልብስ ፋብሪካ ጀምሮ እስከ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ድረስ ሥራ ፈላጊ የሚመጣባት ከተማ ሆናለች። ከመንዝ የወጣች ልጅ እዚያው ዞኑ ውስጥ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ፈረቃ ልትሠራ ትችላለች። ይህ ለልቦለድ ከአዲስ አበባ ይልቅ ጭንቅ ያበዛል፤ ምክንያቱም አልጠፋችም። ለበዓል ትመጣለች፣ ጫማዋን መንደሩ ያያል፣ ብር በቴሌብር ስለምትልክ ወንድሟ ስንት እንደላከች ያውቃል። አዲስ አበባ የሄደች ልጅ ታሪኳ መሄዷ ላይ ያልቃል፤ ይህቺኛዋ ግን በየወሩ እንደገና መወሰን አለባት። ይህንንም ካልፈለጉ የቀረችውን ይጻፉ። ልጅ በሄደች ቁጥር ውሃውን የሚቀዳ፣ እናትን የሚያስታምም አንድ ሰው ይቀራል፤ በሰንጠረዥዎ ላይ ያ ሰው ስንት ገጽ እንዳለው ይዩ።

ሽማግሌው ላይ መመሪያዬ ጠንካራ ነው፦ በአንድ ትዕይንት ከአንድ በላይ ምሳሌያዊ አነጋገር አይግባ፤ የገባውም ለተናጋሪው ጥቅም ይግባ። የድንበር ክርክር ለማስታረቅ ሦስት ሽማግሌ ተቀምጧል እንበል። አንዱ መሬቱ ከክርክሩ ቦታ ጋር ይዋሰናል፤ አንዱ ከከሳሹ ላይ ገንዘብ አለው፤ አንዱ ለተከሳሹ የክርስትና አባት ነው። እውነተኛ ሽምግልና ላይ እንዲህ ያለ ዝምድና የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል። ድንበርተኛው ነገሩ ወደ አባቶቻቸው ዘመን እንዲመለስ ስለሚፈልግ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላል። አበዳሪው ቶሎ እንዲያልቅ ስለሚፈልግ «ሥሩ እርስዎ ማሳ ውስጥ እንዳይገባ ብቻ» ይለዋል። በሁለት መስመር ሁለት ሽማግሌ ተለያዩ፤ አንባቢም ሦስተኛው ምን እንደሚል ለመስማት ጆሮውን ያቀናል።

ሲያርሙ የሚደርሱ ጥፋቶች አሉ። ዋናው መገልበጥ ነው፦ ዝምተኞቹ ሁሉ ተናጋሪ ይሆናሉ፣ ሂያጆቹ ሁሉ ይቀራሉ። ሰንጠረዡን እንደገና ቢሞሉት አምስተኛው አምድ ላይ አሁንም አንድ ግሥ ነው ያለው፤ ተቃራኒው ብቻ። ሌላው የልጅነት ትዝታ መለጠፍ ነው፦ «ሰባት ዓመት ሳለ አባቱ . . .» እየተባለ ድርጊቱ ሳይለወጥ ምክንያት ይጨመርለታል። ምክንያት ሰውን አይለየውም። ሞትም እንዲሁ፤ መውጫ ያጣውን ሰው መግደል «ይሄዳል» የሚለውን ግሥ በሌላ ስም መጻፍ ነው።

ልማዱ መሰበሩን መፈተኛው ይህ ነው። አንድ ጭንቅ ይምረጡና ለአራት ሰዎችዎ ይስጡ። የመንዝ ጓሳ ለዚህ ይመቻል፤ በማኅበረሰቡ ደንብ ተጠብቆ፣ ለዓመታት ተዘግቶ ለቤት ክዳን የሚሆነው ሣር ሲደርስ የሚከፈት ስፍራ ስለሆነ ደንቡ የሁሉም ነው፣ ጣሪያውም የሁሉም ያፈሳል። ጭንቁ፦ በተዘጋበት ወቅት ሌሊት ሣር አጭዶ የተገኘው የገጸ ባሕርዩ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ያየው እሱ ብቻ ነው። አባትየው፣ ልጅቱ፣ ሽማግሌውና መምህሩ እያንዳንዳቸው በ150 ቃል ምን ያደርጋሉ? ስም ሳይጠቅሱ ይጻፉትና ያንን አስተያየት ለሰጡዎት ሁለት አንባቢዎች ይስጧቸው። ከአራቱ ሦስቱን ማን እንደሆኑ ካወቁ ልማዱ ተሰብሯል። ካላወቁ የትኞቹን እንዳምታቱ ይጠይቁ፤ እርማት የሚያስፈልገው በእነዚያ ሁለት ረድፎች መካከል ነው፤ ሌላውን አይነካኩ።

የሥራው ቅደም ተከተል፦ ሰንጠረዡ፣ ከዚያ የምልክቶቹ ፍለጋ፣ ከዚያ በአንዱ ረጅም ልቦለድ ውስጥ አምስተኛና ስድስተኛ አምዳቸው የገጠመባቸው ሁለት ሰዎች ብቻ። 34ቱንም በአንድ ጊዜ ለማረም ከተነሡ ረቂቁ ይበተናል፤ አንድ ሰው በጭንቁ ላይ የሚወስነው ሲለወጥ ከኋላው ያሉት ምዕራፎች አብረው ስለሚናጉ። አጫጭሮቹን አሁን ይተዋቸው፤ አንባቢ በየተራ ስለሚያገኛቸው ድግግሞሹ የሚጎላው በአንድ መድበል ሲታሰሩ ነው፤ በዚያን ጊዜ ከ11ዱ አምዶቻቸው የሚጋጠሙትን አራት አምስት ከመድበሉ ውጭ መተው ከማረም ይቀላል። ለሚቀጥለው አዲስ ሥራ ደግሞ ሰንጠረዡን ከመጀመሪያው ረቂቅ በፊት አይክፈቱት። ሰውን ከሰንጠረዥ አውጥተው መጻፍ ከጀመሩ አምዱን ለመሙላት የተፈጠረ ሰው ይመጣል፤ እሱም በተራው የሚታወቅ ልማድ ይሆናል።